በቆዳችን ውስጥ የሚተጉ ዘበኞች

ልጆች ሆይ፥ የአንድ ከተማ ሰላም የሚጠበቀው በቅጥሩ ጽናት ብቻ አይደለም። ቅጥሩ ምንም ያህል ቢረዝምና ቢወፍር፥ በላዩ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ሌባ በሌሊት መሰላል አቁሞ ይገባል። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ቅጥር በሠሩ ጊዜ ዘበኛም አቆሙ። የሰው ገላም እንዲሁ ነው። ቅጥሩ ቆዳ ነው፤ በቆዳውም ውስጥ ቀንና ሌሊት የማያንቀላፉ ዘበኞች አሉ። ዛሬ የምናነበው የእነዚህን ዘበኞች ነገር ነው። በዚህ ምዕራፍ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስተውሉ።

1. ስለ ቅጥሩ

ቆዳ ገላችንን ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር የሚሸፍን ልብስ ነው። የአንድ ጐልማሳ ሰው ቆዳ በመሬት ላይ ቢዘረጋ፥ ቁመቱ 2 ሜትር ወርዱም 1 ሜትር ለሆነ ምንጣፍ የሚቀርብ ስፋት አለው።

ቤት ከጡብ እንደሚሠራ፥ ገላችንም ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ክፍሎች የተሠራ ነው። ሕዋስ በባዶ ዓይን አይታይም፤ የሚታየው ማይክሮስኮፕ በሚባል አጉሊ መሣሪያ ነው። የቆዳችንም ላይኛው ንጣፍ እነዚህ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀውና ተደራርበው የሠሩት ነው። ይህ ንጣፍ እጅግ ቀጭን ነው፤ በብዙው የገላ ክፍል ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለ10 ቢከፈል ከዚያ አንዱን እጅ ያህላል፤ ይኸውም እንደ አንድ ቅጠል ወረቀት ማለት ነው። በእጅ መዳፍና በውስጥ እግር ግን ይወፍራል።

በላይኛው ንጣፍ ውስጥ የደም ሥር የለም። እሾህ ላይ ላዩን ብቻ ሲጭረን ደም የማይወጣው ስለዚህ ነው። ከንጣፉ ሥር ዘወትር አዲስ ሕዋስ ይወለዳል፤ እየገፋም ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሲደርስ ይሞትና ይደርቃል፤ በኋላም እንደ ትቢያ ይረግፋል። ይህ ሁሉ በ1 ወር ገደማ ይፈጸማል። እንግዲህ ቅጥራችን እንደ ድንጋይ ካብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም፤ በየቀኑ ይፈርሳል፥ በየቀኑም ይታደሳል።

2. ስለ ዘበኞቹ

በላይኛው ንጣፍ ካሉት 100 ሕዋሳት ውስጥ ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ከሌሎቹ የተለየ መልክና የተለየ ሥራ አላቸው። ሌሎቹ እንደ ጡብ ሲደረደሩ፥ እነዚህ ግን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለ ረዣዥም ክንድ አላቸው። የአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ እየተጠጋ፥ በንጣፉ ውስጥ እንደ መረብ ተዘርግተው ይኖራሉ። በብዙው የገላ ክፍል፥ አንድ ሚሊሜትር በአንድ ሚሊሜትር በሆነች ስፍራ፥ ማለት በእርሳስ ጫፍ በምትጻፍ ነጥብ ውስጥ፥ በመቶ የሚቈጠሩ ዘበኞች አሉ። ስማቸውም የላንገርሃንስ ሕዋሳት ይባላል። ይህን ስም ከየት እንዳገኙ ወደ ፊት እንናገራለን።

እነዚህ ዘበኞች ወደ ስፍራቸው የሚመጡት ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ አይደለም። የመጀመሪያ ወላጆቻቸው ሕፃኑ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ወደ ቆዳው ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያው በቆዳው ውስጥ እየተራቡ ዘመናቸውን ሁሉ ይጠብቃሉ።

አጠባበቃቸውም የሚያስደንቅ ነው። ዘበኛው ክንዱን በሕዋሳቱ መካከል አሹልኮ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ በቅጥሩ ላይ የወደቀውን ነገር ይዳስሳል፤ ነገር ግን ሕዋሳቱ የተያያዙበትን መጋጠሚያ አይፈታውም፥ ቅጥሩንም አያፈርስም። በመስኮት እጁን አውጥቶ ዝናብ መኖሩን እንደሚያይ፥ ነገር ግን በሩን ለጐርፍ እንደማይከፍት ብልህ ሰው ነው።

3. ዘበኛው ወሬውን እንዴት እንደሚያደርስ

አንድ ልጅ ባዶ እግሩን ሲሮጥ እሾህ ወጋው እንበል። በእሾሁ ላይ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በተቀደደው ቅጥር ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ዘበኛው ምን ያደርጋል? ሁሉን ብቻውን ልዋጋ አይልም። ከጠላቱ ጥቂቱን ይውጣል፥ በውስጡም ይሰባብረዋል። ከዚያም የዘረጋውን ክንድ ሰብስቦ፥ የኖረበትን ስፍራ ለቆ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደም ሳይሆን ጥሩ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ወደሚሄድበት ቀጭን ሥር ገብቶም ጕዞ ይጀምራል።

የጕዞው መጨረሻ ዕጢ ነው። በብብት፥ በአንገትና በብሽሽት እንደ ባቄላ ፍሬ ያሉ ዕጢዎች አሉ። እግራችሁ ቈስሎ ባመረቀዘ ጊዜ በብሽሽታችሁ የሚያብጠውና እናቶቻችን «ንፍፊት ወጣበት» የሚሉት ይህ ዕጢ ነው። ብዙ ልጆች «ቍስሉ በእግሬ ሳለ ብሽሽቴ ስለ ምን ያመኛል?» ብለው ይደነቃሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዕጢው የወታደሮች ሰፈር ነው፤ ወሬው በዚያ ደርሶ ወታደሩ ተሰብስቦ ይበዛል፤ ሰፈሩም ስለ ጠበበው ያብጣል።

ወታደሮቹ በደማችን ውስጥ ካሉት ነጭ ሕዋሳት ወገን ናቸው። እያንዳንዱም የሚለየው አንድ ዓይነት ጠላት ብቻ ነው። ዘበኛው የተሸከመውን የጠላት ቍራጭ በገላው ላይ አውጥቶ በፊታቸው ያቆማል። እነርሱም እየመጡ ይመረምሩታል። ብዙዎቹ የማያውቁት ነውና ትተውት ያልፋሉ። የሚያውቀው አንዱ ሲገኝ ግን ይነሣል፤ አንዱ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱ ስምንት እየሆኑ ይበዛሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ብዙ ሺህ ሆነው ወደ ቈሰለው ስፍራ ይዘምታሉ። ጦርነቱ ሲፈጸም አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የዚያን ጠላት መልክ ይዘው እንደ አገር ሽማግሌ ይቀራሉ። ያው ጠላት ዳግመኛ በመጣ ጊዜ እነርሱ ፈጥነው ይነሣሉ። አንድ ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ የማይያዘው በእንዲህ ያለ ትዝታ ነው።

ልጆች ሆይ፥ የዘበኛውን ጠባይ አስተውሉ። ወደ ሰፈሩ ሲሄድ ባዶ ወሬ ይዞ አይሄድም፤ ያገኘውን ራሱን ይዞ ይሄዳል። «እንዲህ ሲሉ ሰማሁ» አይልም፤ «ያገኘሁት ይህ ነው፥ መርምሩት» ይላል እንጂ። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ለወዳጁ የሚጠቅም ወሬ የሚያመጣ ሰው እንዲህ ያለው ነው።

4. ማን እንዳገኛቸው

በ1868 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል የሕክምና ተማሪ ነበረ። የተወለደው በ1847 ነውና ገና 21 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከወርቅ በተሠራ ማቅለሚያ የሰውን ቆዳ እየነከረ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፥ ከዚያ በፊት ማንም ያልጻፈላቸውን ቅርንጫፍ ያላቸው ጥቁር ሕዋሳት አየ። መልካቸው የነርቭን መልክ ስለሚመስል፥ ማለት ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ሥር ስለሚመስል፥ የነርቭ ወገን መሰሉት። መልካቸውን ግን እንዳየው አድርጎ በጥንቃቄ ሥሎ አሳተመ። በኋላም በ1882 ነገሩን እንደ ገና መርምሮ የነርቭ ወገን ናቸው ያለውን አሳብ ተወ።

ይኸው ሰው በ1869 ቆሽት በሚባለው የሆድ ዕቃ ውስጥ እንደ ደሴት ተለይተው የሚታዩ የሕዋስ ክምችቶችን አገኘ። የስኳር በሽታን የሚያስታግሰው ኢንሱሊን ከእነዚያ ደሴቶች እንደሚወጣ ሰው ያወቀው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1870 ወደ ሶርያና ወደ ፍልስጥኤም ሄዶ፥ በደማስቆና በኢየሩሳሌም የሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበትን ስፍራ ጐበኘ። በ1874 ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። አየሩ ይስማማዋል ተብሎ ማዴይራ ወደምትባል ደሴት ሄደ፤ በዚያም ሕመሙን ታግሦ ሌሎች ሕሙማንን እያከመ፥ በባሕር የሚኖሩ ትሎችንም እየመረመረ ቈየ። በ1888 ሞተ፤ 41 ዓመት ሊሞላው የቀረው 5 ቀን ብቻ ነበረ።

እነዚያ ሕዋሳት ምን እንደሚሠሩ ሳያውቅ ሞተ። ከእርሱ በኋላም ብዙ ሊቃውንት ሥራቸውን አላወቁትም፤ አንዳንዱም ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት አርጅተው እንዲህ የሆኑ መሰሉት። በ1961 በርቤክና ጓደኞቹ ከቀድሞው ይልቅ አብዝቶ በሚያጐላ መሣሪያ ሲመረምሩ፥ በዘበኞቹ ውስጥ እንደ ጭልፋ እጀታና ክብ ራስ ያላቸው እጅግ ደቃቅ ነገሮችን አገኙ፤ ዘበኞቹን ከሌሎች ሕዋሳት ለይቶ ማወቅ የተቻለው በዚህ ምልክት ነው። በ1973 ኢንጋ ሲልበርበርግ የምትባል ሐኪም ዘበኞቹ በቆዳ ላይ የወደቀውን ባዕድ ነገር እንደሚይዙ አሳየች። በዚያው ዓመት ራልፍ ስታይንማን በኒው ዮርክ ከመምህሩ ከዛንቪል ኮን ጋራ ሆኖ፥ በአይጥ ጣፊያ ውስጥ የእነዚህን ዘበኞች ዘመድ አገኘ። ቅርንጫፋቸውን አይቶም በጽርዕ ቋንቋ ዛፍ ከሚለው ቃል ስም አወጣላቸው። ስለዚህ ሥራ በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ እርሱ ግን ወሬው ከመነገሩ 3 ቀን በፊት ሞቶ ነበር። የሞቱ ነገር በኋላ ቢታወቅም ሽልማቱ አልተነሣበትም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ላንገርሃንስ ሕዋሳቱን ካየበት ጊዜ አንሥቶ ሥራቸው እስኪታወቅ ድረስ ከ100 ዓመት በላይ አለፈ። ያየውን በእውነት ጽፎ ባይተው ኖሮ፥ የኋለኞቹ የሚጀምሩበት መሠረት አያገኙም ነበር። እንግዲህ ሥራችሁ ዛሬ ፍሬው ባይታይ አትሰልቹ፤ ብቻ የምትጽፉት እውነት ይሁን።

5. ስለ ክትባት

ብዙዎቻችሁ በክንዳችሁ ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ አላችሁ። ይህ በሕፃንነታችሁ ስለ ሳንባ ነቀርሳ የተከተባችሁት ምልክት ነው። ክትባቱን የሠሩት ካልሜትና ጌራን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው፤ ለሰውም መጀመሪያ የተሰጠው በ1921 ነው። ላንገርሃንስ በማዴይራ ከሞተ 33 ዓመት አልፎ ነበርና ለእርሱ አልደረሰለትም። ለእናንተ ግን ደረሰ።

መርፌው መድኃኒቱን የሚያስቀምጠው በቆዳው ውስጥ፥ ከላይኛው ንጣፍ ሥር ነው። በዚያም የዘበኞቹ ዘመዶች አሉ። ኃይሉ የደከመውን ተሕዋስ ይይዙና ወደ ብብት ዕጢ ወስደው ለወታደሮቹ ያሳያሉ፤ ወታደሮቹም ጠላቱ ሳይመጣ መልኩን ይማራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ኤድዋርድ ጄነር የሚባለው የእንግሊዝ ሐኪም በ1796 የአንድን ልጅ ክንድ ጭሮ የላም ፈንጣጣ መግል በከተበው ጊዜ፥ በቆዳ ውስጥ ዘበኞች እንዳሉ አላወቀም ነበር። ሥራው ግን ፍሬ አፈራ። በዚያ መንገድ የተጀመረው ክትባት ከሀገር ወደ ሀገር ተስፋፋ። በአገራችንም ብዙ ሕፃናትን የገደለውና የብዙ ሰው ዓይን ያጠፋው ፈንጣጣ በ1976 ፈጽሞ ቆመ፤ በ1980 ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ።

6. ሁሉ ጠላት አይደለም

በጤነኛ ቆዳ ላይ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ያለ ጉዳት ይኖራሉ። ዘበኛው ስለ እያንዳንዱ ቢጮኽ ገላችን ዘወትር እንደ እሳት በነደደ ነበር። ስለዚህ ዘበኞቹ ሰላም በሆነ ጊዜ ወታደሮቹ ዝም እንዲሉ ያደርጋሉ። ማስጠንቀቅ ብቻ ሳይሆን ማረጋጋትም ሥራቸው ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን በከንቱ ጩኸት ይነሣል። ኒኬል የሚባል ብረት ያለበት ጉትቻ ወይም የአንገት ጌጥ ያደረገች ልጅ፥ ጌጡ የነካው ስፍራ ሲያሳክካትና ሲቀላ ትታያለች። ኒኬሉ የገላዋ ጠላት አልነበረም፤ ወታደሮቹ ግን እንደ ጠላት ተቀብለውት ዘመቱ፤ ዘምተውም የገዛ ቆዳዋን አቈሰሉ። ያለ ምክንያት የሚነሣ ጠብ የሚጐዳው የራስን ቤት ነው።

7. ስለ ሥጋ ደዌ

አሁን የምናነበውን በልባችሁ ያዙት። የሥጋ ደዌ በቆዳና በነርቭ ላይ የሚደርስ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣውን ተሕዋስ በ1873 አርማወር ሐንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም አገኘው። በአዲስ አበባም በእርሱ ስም የተጠራ የምርምር ተቋም በ1970 ተመሠረተ። ሊቃውንት የሕሙማንን ቆዳ ሲመረምሩ ይህን አስተዋሉ፤ ገላቸው በሽታውን አጥብቆ በሚዋጋ ሰዎች ቍስል ውስጥ የላንገርሃንስ ሕዋሳት ብዙ ናቸው፤ ገላቸው በሚሸነፍ ሰዎች ቍስል ውስጥ ግን ጥቂት ናቸው። ተሕዋሱንም ይዘው ለወታደሮቹ ሊያሳዩ እንደሚችሉ ታውቋል።

የቀድሞ ሰዎች ይህ በሽታ በዘር የሚወርድ ወይም ከእርግማን የሚመጣ መስሏቸው ሕሙማንን ከመንደር ያወጡ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። በሽታው ከተሕዋስ የሚመጣ ነው፤ ሰው የሚጋባበት መድኃኒት ካልጀመረ ሕመምተኛ ጋራ ብዙ ጊዜ ተቀራርቦ ሲኖር እንጂ በመጨባበጥ አይደለም። አብዛኛው ሰውም ተሕዋሱ ቢደርስበት እንኳ ገላው ይከላከለዋል። ከ1981 ጀምሮ ጥቂት መድኃኒቶችን በአንድነት በመስጠት ይታከማል፤ በ6 ወር ወይም በ12 ወርም ይድናል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም።

እንግዲህ አንድ ልጅ በገላው ላይ ቀለሙ የገረጣ ወይም የቀላ፥ ሲነኩትም የማይሰማው ስፍራ ቢያይ ምን ያድርግ? አፍሮ በልብሱ ቢሸፍነው ተሕዋሱ ነርቩን እየበላ ይሄዳል፤ ጣቱም እሳት ሲነካው አይሰማውምና ይጐዳል። ፈጥኖ ለወላጆቹ ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ግን እጁም እግሩም ደኅና ሆኖ ይድናል። ኀፍረት ጣትን ያስቈርጣል፤ መናገር ግን ያድናል። ዘበኛውም ያገኘውን ደብቆ ቢቀመጥ ኖሮ ገላው ሁሉ በጠፋ ነበር።

በእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላይ የሚሥቅ ልጅ ደግሞ በደለኛ ነው። ባልንጀራው ሕመሙን እንዲሰውር ያደርገዋልና፥ የሠራው ሥራ ከበሽታው ጋራ ማበር ነው።

ምክር

ዘበኞቹ ለእናንተ ይተጋሉ፤ እናንተም ለቅጥራችሁ ትጉ። ገላችሁን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። ሲያሳክካችሁ በረዘመ ጥፍር አትፎክቱ፤ ጥፍራችሁንም ቍረጡ። እሾህና ጠጠር ባለበት ስፍራ ጫማ አድርጉ። ብትቈስሉ ቍስሉን አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ዐፈር ወይም እበት አታድርጉበት፤ መንጋጋ ቈልፍ የሚባለውን ክፉ በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ በዐፈርና በእበት ውስጥ ይኖራልና። ቆዳን እስኪያቃጥል ድረስ በብርቱ ፀሐይ መቀመጥም የዘበኞቹን ቍጥር ያሳንሳል። ክትባት በተጠራችሁበት ቀን ከመርፌ አትሽሹ።

ጥያቄ

1. በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ የሌለው ነገር ምንድር ነው?
2. እግር ሲቈስል ብሽሽት ስለ ምን ያብጣል?
3. ዘበኛው ወደ ዕጢው ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል?
4. ፓውል ላንገርሃንስ ሕዋሳቱን ሲያይ ምን መሰሉት? በኋላስ ምን አደረገ?
5. ባልንጀራችሁ በክንዱ ላይ የማይሰማው የገረጣ ስፍራ እንዳለ በምሥጢር ቢነግራችሁ ምን ትሉታላችሁ?